እጅ የሚጠብቅ መብራት

ሽቦውን በጥርሱ ላጠው።

«ጥርስህን ተው አልኩህ!» አለች እህቱ ከአልጋው ላይ። «መሳቢያው ውስጥ መቀስ አለልህ።»

«ያንቺ መቀስ ሽቦ ከቆረጠ በኋላ ማን ያድነኛል?»

አሰበችበት። «እሱስ እውነትህን ነው። በጥርስህ ቀጥል።»

ወለሉ ላይ ተንበርክኮ፣ ጭንቅላቱን በአልጋውና በግድግዳው መካከል ቀርቅሮ፣ ሁለቱን የሽቦ ጫፎች ከቁልፉ ጀርባ አሰረ። ቁልፉ ቀይ ነው፤ የሻይ ስኒ አፍ ያህል ይሰፋል። ከአንድ የተጣለ የመጫወቻ ማሽን ላይ ነቅሎ ያመጣው ነው። አልጋው ራስጌ አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ በአራት ቡሎን አጠበቀው።

ሰፈሩ ቀጮ ነው የሚለው። ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ካውያ፣ የተገኘውን ሁሉ ይጠግናል። ከሚጠግነው ሽቦ የሚለየው ኮፍያ በማድረጉ ነው ብለው ያሾፉበታል። እህቱ በብዙ ዓመት ትበልጠዋለች፤ እትዬ ይላታል። ልብስ ሰፊ ነበረች። «ነበረች» የሚለውን ቃል የለመዱት ካለፈው ዓመት ወዲህ ነው። አንድ ቀን ጠዋት እጅጌ እየገጠመች ሳለ ግማሽ አካሏ ከዳት። ከሆስፒታል ስትወጣ ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ እንደተቀመጠ ዕቃ ሆኖ ቀረ። ግራው ይሠራል፤ ግን ይንቀጠቀጣል፤ ጣቶቹም ከቡጢ አይፈቱም። ግድግዳውን በክንዷ እየተደገፈች እስከ መጸዳጃ ቤቱ ትደርሳለች። የግቢው ተከራይ ሴትዮ ጠዋትና ማታ እየመጣች ታበስልላታለች፣ ታጥባታለች። በመካከል ያለው ሰዓት የራሷ ነው። ሬዲዮ ትሰማለች፤ የድሮ የልብስ ቅዶቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታያለች፤ ከግድግዳው ጋር ታወራለች። ያንን ሰዓት ለማንም አትሰጥም።

ችግሩ መብራት ነው። የክፍሏ አንድ መስኮት ድሮ መንገዱን ያሳይ ነበር። አሁን የሚያሳየው የአዲስ ፎቅ ግድግዳ ነው፤ እጅ ቢዘረጋ ይነካል። ቀትር ላይ እንኳ መብራት ካልበራ ሰማያዊና ጥቁር ክር አይለይም። ማብሪያው ያለው በሩ አጠገብ፣ አልጋው ደግሞ ወዲያኛው ጥግ። ባለፈው ወር ምሳ በልታ ሸለብ አደረጋት። ተከራይዋ እንቅልፏን እንዳይረብሻት መብራቱን አጥፍታ ሄደች። እትዬ ስትነቃ ጨለማ ሆኖባት ወደ ማብሪያው ስትሄድ የስፌት መኪናው እግር ጠለፋትና ወደቀች። ሰው እስኪመጣ መሬት ላይ ነበረች።

አንድ ልጅ አለቻት። መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ከከተማው ማዶ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። በማግስቱ መጣች። የእናቷን የጠቆረ ጉንጭ አየች። ጓዳ ገባች፣ እዚያ አለቀሰች፣ ፊቷን ታጥባ ወጣች።

«እማ፣ መብራት እንኳ ማብራት ሳትችይ ብቻሽን አትኖሪም። እኔ ጋ ትመጫለሽ።»

«ማብራት ከቻልኩስ?»

«እንዴት አድርገሽ?»

«እሱን ለእኔ ተይው። ከቻልኩስ?»

ልጅቷ ደክሟት ነበር። «ከቻልሽ እሺ።»

«ቃል?»

«ቃል።»

እትዬ አንገቷን ወደ ወንድሟ አዞረች። «ሰምተሃል አይደል፣ ቀጮ?»

ሰምቷል።

ነገሩ ቀላል መስሎት ነበር። መጀመሪያ በገመድ የሚንጠለጠለውን ማብሪያ አመጣ። እሱ በመዳፍ ይጨበጥና በአውራ ጣት ይገፋል፤ የእትዬ አውራ ጣት የት እንደገባ እሷም አታውቅም። ቀጥሎ ተራውን የግድግዳ ማብሪያ አልጋው ራስጌ ላይ ገጠመ። እሱን ለማብራት ከላይ፣ ለማጥፋት ከታች መንካት ያስፈልጋል፤ የእሷ ቡጢ ሁለቱንም አንድ ላይ ይሸፍናል። ሲጫኑት ጠቅ ብሎ የሚቆለፈው ዓይነት ጠንካራ ሆነባት። የበር ደወል ቁልፍ ለስላሳ ነው፤ ግን የሚሠራው እጅ እስካለበት ድረስ ብቻ ነው። ለቀቅ ሲያደርጉት ይጠፋል።

«ታዲያ ቀኑን ሙሉ የራሴን በር ስደውል ልዋል?» አለች እትዬ።

ስለዚህ ራሱ ሊሠራው ተቀመጠ። አንዴ ነካ ሲያደርጉት የሚያበራ፣ ደግሞ ነካ ሲያደርጉት የሚያጠፋ።

ሱቁ በጫማ ሠሪውና በፎቶ ኮፒ ቤቱ መካከል ያለች ጠባብ ነገር ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ አንዱ መቆም አለበት። ከተበላሹ ዕቃዎች ሆድ ውስጥ የሚያስፈልገውን ለቀመ። ስምንት እግር ያላት፣ መብራቱን የምታዝ አንዲት ጥቁር አይሲ፣ አንድ ትራንዚስተር፣ ጥቂት ሬዚስተሮች፣ ኮረንቲ አጠራቅማ የምትይዝ፣ የሽንብራ ፍሬ የምታህል አንዲት ካፓሲተር። ኃይሉን ከአሮጌ የሬዲዮ አዳፕተር ወሰደ፤ እህቱን ኮረንቲ እንዳይዛት አሥራ ሁለት ቮልት ብቻ። አምፖሉም በዚያው የሚሠራ ትንሽ ነው። ሁሉንም ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ሰሌዳ ላይ ሰካክቶ በየደ። ጣቱንም አብሮ በየደ፤ ሰድቦት ቀጠለ።

ጫማ ሠሪው ሙጫው እስኪደርቅ ብሎ መጥቶ ቆመ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«አይሲዋ ወይ ነቅታለች ወይ ተኝታለች። መሀል የላትም። ይቺ ካፓሲተር ደግሞ አጠገቧ ቁጭ ብላ ምን ላይ እንደነበረች ትይዛለች። ቁልፉን ስትጫነው ትነግራታለች። ‹ነቅተሽ ነበር፣ አሁን ተኚ። ተኝተሽ ነበር፣ አሁን ተነሺ።›»

«ባለቤቴን ነው የምትነግረኝ።»

«ከነገረቻት በኋላ ግን አዲሱን ነገር እስክትይዝ ትንሽ ጊዜ ትፈልጋለች። የዓይን ጥቅሻ ያህል።»

«እንግዲያው ባለቤቴ አይደለችም» ብሎ ጫማ ሠሪው ወደ ሙጫው ተመለሰ።

ቀጮ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ቁልፉን ሲጫን ዋለ። በራ። ጠፋ። በራ። ጠፋ። የፎቶ ኮፒዋ ሴት አንገቷን በበሩ አስገብታ፣ «ጭፈራ ቤት ከፈትክ እንዴ?» አለችው። አንድም ጊዜ አልሳተም። ሰሌዳውን የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ አስገብቶ ከደነና ደስ እያለው ወደ እህቱ ቤት ይዞ ሄደ።

አሁን ከአልጋው ጀርባ ወጥቶ ጉልበቱን አራገፈ።

«ልሞክረው?» አለች እትዬ።

«አይሆንም። ልጅሽ ትምጣ። ፊቷ ላይ ነው የምታበሪው።»

«አንዴ ብቻ።»

«እትዬ፣ ተይ እንጂ። ምርቃት ምርቃት ነው።»

እጇን መልሳ ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተተች። ኩራቱን አይታ ነው የተወችለት።

ልጅቷ ባዶ ሻንጣ ይዛ መጣች። ሻንጣውን የስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠች፤ እናቷን ሳመች፤ አጎቷን ሳመች።

«ዶክተር፣ እዚህ ጋ ቁሚ» አላት ቀጮ። መድኃኒት ቤት ከገባች ጀምሮ እንዲያ ነው የሚጠራት። የበሩን ማብሪያ አጠፋ። ክፍሉ ደበዘዘ። በአንድ ጣቱ ቀዩን ቁልፍ ነካ አደረገው። የራስጌው መብራት በራ። ነካ አደረገው። ጠፋ።

የልጅቷ ፊት ፈታ አለ። «አጎቴ! አንተ ነህ የሠራኸው?»

«ማን ይሠራዋል ታዲያ፣ ያንቺ ባል?»

«ባሌን ተወው። እማ፣ በይ አሳዪኝ።»

እትዬ ግራ እጇን አወጣች። አነጣጠረች። ቡጢዋን ቁልፉ ላይ ጣለችው።

በራ፣ ጠፋ፣ በራ፣ ጠፋ። ጠፍቶ ቀረ።

ደግማ ጣለችው። በራ ጠፋ አለና በርቶ ቆመ።

«ይኸው!» አለች ልጅቷ። «በራልሽ። አሁን አጥፊው።»

እትዬ መታችው። መብራቱ ተርገበገበና በርቶ ቀረ። እንደገና መታችው፤ በርቶ ቀረ። እንደገና። ግንባሯ ላቡን አወጣ። ቀጮ ተንበርክኮ ሽቦውን ነካካ። ሽቦው ደህና ነው። በራሱ ጣት ሞከረው። ጠፋ። እንደ ታዛዥ ልጅ እሺ ብሎ ጠፋ።

«በቃ እማ» አለች ልጅቷ። የእናቷን ቡጢ በሁለት እጇ ይዛ ከቁልፉ ላይ አነሳችው። «በቃ፣ የኔ እናት።»

«አንድ ጊዜ ቆዪ፣ ሽቦው ይሆናል» አለ ቀጮ።

«አጎቴ፣ ለፍተሃል። አያለሁ እኮ።» ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻለው ነበር። «ነገ ጠዋት ባሌ መኪና ይዞ ይመጣል። ልብሷን ማታ ተከራይዋ ሻንጣው ውስጥ ታስገባልኝ። እኔ አሁን ልጆቹን ከትምህርት ቤት ልውሰድ።»

ወጣች። ሻንጣው የስፌት መኪናው ላይ ቀረ።

ቀጮ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ ነው። እትዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

«ቁልፉ ደህና ነው» አለች። «እጄ ነው።»

«እጅሽ ምንም አልሆነ።»

«አትዋሽ። መዋሸት አትችልበትም፤ ጆሮህ ይቀላል።»

ጆሮውን ነካ። የተቃጠለው ጣቱ ጠዘጠዘው። ሰሌዳውን ከሳሙና ማስቀመጫው አውጥቶ አገላብጦ አየ። ብየዳው ንጹሕ ነው። እትዬ ፊቷን ሳታዞር ጠየቀችው።

«በማን ለካኸው?»

«ምኑን?»

«ይህን ነገር። ስትሠራው በማን እጅ ለካኸው?»

«በራሴ። በማን እለካዋለሁ?»

ዞረች። ዓይኗ ውስጥ ደንበኛ የምትገሥጽበት ያ የድሮ ነገር አለ። «የእኔን ቀሚስ በአንተ ወገብ ለካህ! ባንተ ወገብ! እንኳን ለእኔ ለመጥረጊያ እንጨት የማይሆን ወገብ!» ሳቋ መጣ፤ ከፊቷ አንድ ጎን ብቻ ነው የሚስቀው፤ እሱም በቂ ነበር። «ልሞክረው ስልህ ምን አልክ? ምርቃት! ሳላስለካ የሰጠሁት ልብስ አለ በሕይወቴ? በል ለካኝ።»

«እንዴት ብዬ?»

«እኔ ነኝ እንዴ የመብራት ሰው?»

አሰበ። ከዚያ ቁልፉን በመዳፉ ከደነው። «በይ ምቺኝ» አላት።

«ልምታህ?»

«ስንት ዓመት ስትመኚው የኖርሽው አይደል።»

ቡጢዋ እጁ ጀርባ ላይ ወረደ። ዓይኑን ጨፈነ። አንዴ መጣ፤ ተነሳ፤ መጣ፤ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ነካ ነካ አደረገው፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚጀምር ዝናብ። ከዚያ ቀስ እያለ ሰክኖ እጁ ላይ አረፈ። ከባድ ነበር፣ ሙቅም ነበር። ትምህርት ቤት ሲገባ ዋናውን መንገድ ታሻግረው የነበረው በዚህ እጅ ነው፤ ያኔ እሱ ነበር የሚንቀጠቀጠው።

«እንደገና» አላት።

መታችው።

«እንደገና።»

«ሐኪም መሰልክ እኮ። ምላስሽን አውጪ ልትለኝ ነው?»

«ዝም በይ፣ እየለካሁ ነው።»

ሲለካ ገባው። እጇ አንድ ጊዜ ነው የሚመታው። አንድ ምት ነው፤ ብቻ ረጅም ነው። እሱ የሠራት ካፓሲተር ትንሽ ናት፣ ፈጣን ናት፤ በዓይን ጥቅሻ ትይዛለች። እያንዳንዷን ንዝረት እንደ አዲስ ትእዛዝ ቆጥራ አብሪ አጥፊ፣ አብሪ አጥፊ ትላለች።

«በጣም ብልጥ አድርጌ ነው የሠራኋት» አለ። «ፈዘዝ ያለች ነበር የምትፈልጊው።»

«ፈዛዛማ ለምጃለሁ። አንተን አይደል ያሳደግኩት?»

ኮፍያውን ደፍቶ ወደ ሱቅ ሄደ። ካፓሲተሮች የሞሉበትን ጣሳና መበየጃውን ይዞ ተመለሰ። ተከራይዋ ልብስ ልታስገባ መጥታ በሩ ላይ አገኘችው፤ እትዬ «ነገ ነይ፣ ዛሬ ልኬት ላይ ነን» ብላ መለሰቻት።

መበየጃውን የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ አሞቀ። መጀመሪያ ከቴሌቪዥን የወጣች፣ አውራ ጣት የምታህል ካፓሲተር ገጠመ።

እትዬ መታች። መብራቱ በራ። ቡጢዋ ቁልፉ ላይ ሲርገበገብ መብራቱ ንቅንቅ አላለም።

«ቀጮ!» አለች። ሌላ ቃል አልመጣላትም።

«አጥፊው።»

መታች። አልጠፋም። ደጋግማ መታች። ጭራሽ አልጠፋም።

«ቆይ፣ ገና አልያዘችም። በነካሻት ቁጥር መጠበቁን እንደ አዲስ ትጀምራለች። ተያት ትረፍ።»

«እሷ እስክታርፍ እኔ አርፋለሁ።» አምፖሉን ዓይኗን አጥብባ አየችው። «ሰፍቷል። ወገቡ ላይ ሰፍቷል። አጥብበው።»

አወጣና ያነሰ ገጠመ። መታች። በራ፣ ጠበቀ፣ ልታርፍ ስትል ግን የእጇ የመጨረሻ ንዝረት ደረሰችና አጠፋችው።

«አሁን ደግሞ መተንፈሻ አሳጣኝ። ትንሽ ልቀቀው። በጣም አይደለም፤ ግማሽ ጣት።»

ጣሳውን አራገፈ፤ በመሀል ያለውን ፈለገ። ከአንድ አሮጌ የመኪና ሬዲዮ የወጣ ነበር። ሲበይደው እሷ ከአልጋው ላይ አንገቷን አስግጋ ታየዋለች፤ ሠራተኞቿን እንደምትቆጣጠር።

«ጫፉን ቁረጠው፣ ተንጠልጥሏል።»

«ማንም አያየውም፣ ክዳን አለው።»

«ክር ከውስጥም ይቆረጣል። ቁረጥ።»

ቆረጠ።

መታች። በራ። እጇ ተርገበገበ፣ ሰከነ፣ አረፈ፤ መብራቱ እንደ በራ ነው። አንድ ትንፋሽ ወሰደች። መታች። ጠፋ። ጠፍቶ ቀረ። ከዚያ እሷ ራሷ አበራችው።

«ልክ ነው» አለች። «ይኼ የእኔ ነው።»

ኮፍያውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ፤ መልሶ ሲያደርገው ዓይኑ ላይ ደፋው።

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ ከባሏ ጋር መጣች። እሱ መኪናው ውስጥ ቀረ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ። ስትገባ ሻንጣው ትናንት ባስቀመጠችበት ባዶውን ነበር። ክፍሉ ጨልሟል። እናቷ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ንጹሕ ሻርፕ አድርጋለች። ቀጮ መስኮቱ ሥር ቆሟል።

«እማ፣ ልብስሽ...»

«እዚያው ቁሚ።»

ቡጢው ወረደ። መብራቱ በራ።

ልጅቷ እስኪርገበገብ ጠበቀች። ዓይኗ ከአምፖሉ አልተነቀለም። አልተርገበገበም።

«አጥፊው» አለች በቀስታ።

ጠፋ።

«እንደገና።»

በራ።

«እንደገና፣ እማ።»

«ምን ሆነሻል፣ ልጄ? ዕቃ ልትገዢ ነው?» አለችና አጠፋችው፣ አበራችው።

ልጅቷ ወደ አልጋው መጣችና ጫፉ ላይ ተቀመጠች። እጇን ጨብጣ ቡጢ አደረገች። ልክ እንደ እናቷ እያንቀጠቀጠች ቁልፉ ላይ ጣለችው። ጠፋ፤ አንዴ ብቻ። ደግማ ጣለችው፤ በራ። ጨብጣ እንደያዘችው ቡጢዋን እያየች ቆየች።

«ብትወድቂስ?» አለች።

«ብወድቅ በብርሃን እወድቃለሁ።»

«እማ፣ አትቀልጂብኝ። ሌሊት ሌሊት እኮ የስልኩን ድምፅ እየጠበቅኩ ነው የማድረው።»

ያኔ እትዬ መቀለዷን ተወች። ቡጢዋን አንስታ ልጇ ጉልበት ላይ አሳረፈችው። ተርገበገበ፣ ሰከነ።

«አውቃለሁ» አለች። «አንቺ ጋ ብመጣ እንደ ንግሥት ነው የምታኖሪኝ። ጠዋት ሁላችሁም ትወጣላችሁ፤ እኔ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሰው ሶፋ ላይ ተቀምጬ እናንተን እጠብቃለሁ። እዚህ ማንንም አልጠብቅም። ቤቴ ነው። ስፈልግ አበራለሁ፣ ስፈልግ አጠፋለሁ።»

ልጅቷ ወደ አጎቷ ዞረች። «አንተስ? ቢበላሽስ?»

«መንገዱን ስሻገር ነው ሱቄ ያለው። ሳልፍ በየቀኑ አየዋለሁ።»

«ማልላት!» አለች እትዬ።

«በኮፍያዬ።»

ልጅቷ ሳቀች፤ ሳቁ ውስጥ አፍንጫዋን ጠረገች። ከውጭ ጥሩምባ ተነፋ። ተነስታ ወጣች። ቀጮና እትዬ በሩ ክፍት ስለነበር ይሰማሉ።

«አትመጣም?» አለ ባሏ።

«አትመጣም።»

«ታዲያ አንቺስ?»

«ምሳ እዚህ ነው የምበላው። ልጆቹን ከትምህርት ቤት አንተ ውሰድ።»

መኪናው ሄደ። ልጅቷ ተመልሳ ጫማዋን አወለቀች፤ እናቷን ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርጋ አጠገቧ ተጋደመች። ቀጮ ጣሳውንና መበየጃውን ሰበሰበ። በሩን ሊዘጋ ሲል መብራቱ ጠፋ፤ ከውስጥ «ተኚ እስቲ፣ ደክሞሻል» የሚል ድምፅ ሰማ።

እትዬ በዚያ ክፍል አራት ዓመት ኖረች። ካፓሲተሩ አንድ ጊዜ ተቀይሯል።